ከመጠን ያለፈ የልጆች ውፍረት፦ ከጤና ባለሙያው ምን ይጠበቃል?



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለብዙዎቻችን የሌላ አገር ችግር መስሎ ይታየን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ስለዚህ የባለሙያዎቻችን ዓይን የምግብ እጥረት ያለበትን ልጅ ለመለየት መሠልጠኑ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ390 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ከ5 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችና ወጣቶች ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ነበር፤ ከእነርሱም 160 ሚሊዮኑ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው። በከተሞቻችንም እንዲህ ያሉ ልጆች ለጉንፋንና ለተቅማጥ ታክመው ይመለሳሉ፤ ክብደታቸውን ግን ማንም አያነሣውም።

ለዚህ የመጀመሪያው ምክንያት አለካካችን ነው። የክንድ ዙሪያ መለኪያው አረንጓዴ ሲያሳይ ሕፃኑ አጣዳፊ የምግብ እጥረት የለበትም ማለት እንጂ ክብደቱ ጤናማ ነው ማለት አይደለም። የአዋቂዎችን መለኪያ ለልጅ መጠቀምም እንዲሁ ያሳስታል። ቁመቱ 1.40 ሜትር፣ ክብደቱ 45 ኪሎ የሆነ የ10 ዓመት ወንድ ልጅ እንውሰድ። ክብደቱን ለቁመቱ ካሬ ስናካፍል 23 ገደማ እናገኛለን። ይህ ቁጥር ለአዋቂ ጤናማ ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት የዕድሜ ሰንጠረዥ ግን ልጁ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ካለባቸው ይመደባል። እንግዲህ ልጁ ለምንም ሕመም ይምጣ፣ ክብደቱና ቁመቱ ተለክቶ ከዕድሜውና ከጾታው ጋር መነጻጸር ይኖርበታል።

ሁለተኛው ምክንያት አነጋገራችን ነው። ረኀብን በሚያውቅ ማኅበረሰብ ዘንድ «ወፈርህ» ማለት «ተመቸህ» ማለት ነው። እንዲህ ባለ አገር እናትን «ልጅሽ ወፍሯል፤ ምግብ ቀንሺለት» ብንላት፣ አንድም እንደ ስድብ ትቆጥረዋለች፤ አንድም ልጇን እንድታስርብ ያዘዝናት ይመስላታል። ልጁም በሰው ፊት ያፍራል። ያፈረ ልጅ ለሁለተኛ ቀጠሮ አይመጣም። ስለዚህ በቅድሚያ ስለ ልጁ እድገት ለመነጋገር ፈቃዳቸውን እንጠይቅ፤ የእድገቱን መስመር በሰንጠረዡ ላይ እናሳያቸው፤ ልጁንም የውይይቱ ተካፋይ እናድርገው።

በምርመራ ጊዜ የደም ግፊቱን መለካት፣ የሌሊት ማንኮራፋትን፣ የዳሌና የጉልበት ሕመምን፣ በቤተሰቡ ውስጥ የስኳር በሽታ መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። በአንገት ዙሪያ ጠቁሮ የወፈረ ቆዳ እድፍ መስሎ ሊታይና ቤተሰብም ደጋግሞ ሊያሸው ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ መዳከሙን ያመለክታል። ልጁ እየወፈረ ቁመቱ መጨመር ካቆመ ደግሞ የሆርሞን ችግር ሊኖር ስለሚችል ወደ ስፔሻሊስት ይላክ።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ በማደግ ላይ ላለ ልጅ ብዙውን ጊዜ ዓላማው ክብደት መቀነስ አይደለም፤ ቁመቱ እስኪደርስበት ክብደቱን ባለበት ማቆየት ነው። ውፍረቱ የከፋ ከሆነ ብቻ በባለሙያ ክትትል እንዲቀንስ ይደረጋል። የምንመክረው ለውጥም የቤተሰቡ ሁሉ ይሁን፤ ከአንድ ገበታ በሚበላ ቤት ለአንዱ ልጅ ብቻ የተለየ ምግብ ማዘዝ ቅጣት ይሆንበታል። እንጀራና ሽሮን ከመከልከል ይልቅ ከለስላሳ መጠጥ፣ ስኳር ከበዛበት ሻይና ከብስኩት እንጀምር። በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ የሚያስሮጥ ጨዋታ ያስፈልገዋል፤ ሆኖም መጫወቻ ሜዳ በሌለው ሰፈር የምትኖርን እናት ሜዳ በማጣቷ ልንወቅሳት አይገባም። ለልጁ መክሰስ የሚሰጡት አያትና የቤት ሠራተኛም በምክሩ ይሳተፉ።

ከሁሉም የሚከብደው ጊዜ ማግኘት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ከ3 እስከ 12 ወራት ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት የፊት ለፊት ምክርና ክትትል እንዲሰጥ ይመክራል። ተራ የሚጠብቅ ሕመምተኛ በተሞላበት ተመላላሽ ክፍል አንድ ሐኪም ይህን ብቻውን ሊፈጽም አይችልም። ስለዚህ ሥራውን ከነርሶች፣ ከሥነ ምግብ ባለሙያዎችና ከትምህርት ቤቶች ጋር እንካፈለው፤ ቤተሰቦችንም በቡድን እናስተምር። ቀጠሮ ሳይሰጡ «ስፖርት ይሥራ» ብሎ ማሰናበት ሕክምና አይባልም።

ውድ ተማሪዎች፣ የምግብ እጥረትን መዋጋት ይህን ችግር ችላ ለማለት ምክንያት አይሆነንም። ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ አሉ፤ ሁለቱንም የሚለዩት ሚዛንና የቁመት መለኪያም በእጃችሁ ናቸው።