ኦይለር የመረመረው፣ ኮምፒውተር የሚቆምበት ቁጥር

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ማክሰኞ ይውላል፤ ጥምቀት ነው። ታቦታቱ በየጥምቀተ ባሕሩ አድረው ምእመኑ ጸበል ለመረጨት ሲጠባበቅ፣ ልክ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ፣ እስከዚያ ያልታደሱ የኮምፒውተር ሥርዓቶች መቁጠሪያቸው ይሞላል። የሚሞላው 2,147,483,647 ላይ ነው።

ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚያውቁት ከእ.ኤ.አ. 1970 መባቻ ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። በቀድሞው አሠራር ለቆጠራው 32 ቢት (እያንዳንዱ 0 ወይም 1 የሚይዝ ቦታ) ይመደባል፤ አንዱን የመደመርና የመቀነስ ምልክት ይወስደዋል፤ ለቁጥሩ 31 ይተርፋል። ሁሉም 1 ከሆኑ በኋላ አንድ ሰከንድ ቢጨመር ምልክቱ ይገለበጥና ቆጠራው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሰዓቱም ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም. ላይ ያርፋል፤ ዐፄ ምኒልክ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ መሆኑ ነው።

ቁጥሩ ግን ኮምፒውተር ከመታሰቡ በፊትም ዝነኛ ነበር። 31 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው 1 ሲቀነስ ይገኛል። ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1772 ያረጋገጠው ሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ ያኔ ሴንት ፒተርስበርግ የሚኖር፣ የዓይኑ ብርሃን የጠፋ ለማለት የሚያስደፍር ሽማግሌ ነበር።

እንዴት ቻለ? 46,341 ከራሱ ጋር ሲባዛ ከቁጥራችን ስለሚበልጥ፣ አካፋይ ካለ አንዱ ከዚያ በታች መገኘት አለበት። በተራው መንገድ ከሄዱ ወደ 4,800 የሚጠጉ ብቸኛ ቁጥሮችን አንድ በአንድ መሞከር ግድ ነው። ኦይለር ግን አጥሩን አጠበበው። ብቸኛ የሆነ አካፋይ ሁሉ ለ62 (ማለትም ለ31 እጥፍ) ሲካፈል 1፣ ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7 መተው አለበት። ይህን የሚያሟሉት ወደ 370 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ብቸኛ ስላልሆኑ አይሞከሩም። ለእኔ የሥራው ውበት ከስሌቱ ይልቅ በዚህ ስሌትን ማስቀረት ላይ ነው።

ከዚህ ቁጥር 2,305,843,008,139,952,128 የሚባል «ፍጹም ቁጥር» ይወለዳል፤ 6 የ1፣ የ2ና የ3 ድምር እንደሆነ ሁሉ፣ ይህም ከእሱ የሚያንሱ አካፋዮቹ ድምር ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1811 ፍጹም ቁጥሮች ጥቅም ስለሌላቸው ከዚህ የሚበልጥ ማንም አይፈልግም ብሎ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 ግን ኤድዋርድ ሉካስ በ127 ሁለቶች የሚሠራውን፣ 39 አኃዝ ያለውን ብቸኛ ቁጥር አረጋገጠ።

ብቸኛ መሆኑ ለኮምፒውተሩ ምንም አይፈይድም። አዲሶቹ ሥርዓቶች 64 ቢት ይዘው ጣሪያቸውን በ63 ሁለቶች ሠርተዋል፤ ሰከንድ ብንቆጥርበት ወደ 292 ቢሊዮን ዓመት ያዘልቃል። ኦይለር ግን አይደክምበትም ነበር፤ በ7 ይካፈላል።