ሐኪሙ አሁን ወጣ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1975 የክመር ሩዥ ታጣቂዎች የካምቦዲያን ዋና ከተማ ፕኖም ፔንን ሲቆጣጠሩ፣ ዶክተር ሃይንግ ንጎር ለቁስለኛ ወታደር ቀዶ ጥገና እያደረገ ነበር። ታጣቂዎቹ ክፍሉን በርግደው ገብተው ሐኪሙ እሱ መሆኑን ጠየቁት። የለም፣ ሐኪሙ አሁን በኋላ በር ወጣ አላቸው። እነሱ ፍለጋ ሲሄዱ እሱም በሽተኛውን ጥሎ ሾለከ።

ያችን ውሸት አራት ዓመት ግድም ኖረባት። ክመር ሩዥ ከተሜውን ሁሉ ወደ ሩዝ ማሳ ሲነዳ፣ የተማረ ሰው ሞት ይጠብቀው ነበር፤ መነጽር ማድረግ እንኳ ያስጠረጥራል። ሃይንግ መነጽሩን ደበቀ፣ ታክሲ ነጂ ነበርኩ አለ። አሠቃዩት፣ የጣቱን ጫፍ ቆረጡት፤ አላመነም። በ1978 ባለቤቱ ምጥ ጠናባት። የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነው፤ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋት አውቋል። መሣሪያ ግን የለውም፣ ሐኪምነቱ ቢታወቅ ደግሞ ሁሉም ያልቃሉ። እናትም ልጅም ሞቱ።

በ1979 ወደ ታይላንድ አምልጦ በስደተኞች ካምፕ ሐኪምነቱን ቀጠለ። በ1980 ሎስ አንጀለስ ሲገባ ግን የሕክምና ፈቃድ አልነበረውም፤ ስደተኞችን ሥራ በማስቀጠር ይተዳደር ጀመር። የፊልም ተዋናይ መልማዮች ያገኙት በካምቦዲያውያን ሠርግ ላይ ነው። የክመር ሩዥን ዘመን በሚተርከው «ዘ ኪሊንግ ፊልድስ» ፊልም የኒው ዮርክ ታይምሱን ዘጋቢ የሲድኒ ሻንበርግን ባልደረባ፣ ከዚያው ዘመን የተረፈውን ካምቦዲያዊ ዲት ፕራንን ሆኖ ተጫወተ፤ በ1985ም በምርጥ ረዳት ተዋናይነት ኦስካር ወሰደ። በዚያ ዘርፍ ሌላ እስያዊ፣ ኬ ሁይ ኩዋን፣ እስኪሸለም 2023 ደረሰ።

የራሱን ሕይወት ደገመ እንጂ አልተወነም የሚሉ አልጠፉም። ሃይንግ ግን ካሜራ ከማየቱ በፊት ለዓመታት በየቀኑ ታክሲ ነጂውን ተጫውቷል፤ ያውም ተመልካቾቹ መሣሪያ የታጠቁ ነበሩ። ይህን የመሰለ የትወና ትምህርት ቤት ማን ገብቶ ያውቃል?

ከኦስካሩ በኋላ ትንንሽ ሚናዎች ነበሩ የደረሱት። በ1993 በኦሊቨር ስቶን «ሄቨን ኤንድ ኧርዝ» ታየ። በዚያው ዓመት «ማይ ላይፍ» በተባለው ፊልም በካንሰር የታመመውን ማይክል ኪተንን የሚያክም ባህላዊ ሐኪም ሆነ፤ አሜሪካ ነጭ ጋዋን ባትፈቅድለትም በስክሪን ላይ በሽተኛ ሰጠችው።

በፌብሩዋሪ 1996 በሎስ አንጀለስ ቻይናታውን፣ ከመኖሪያው ደጃፍ በዘራፊዎች ተገደለ። ሦስት የወሮበላ ቡድን አባላት በ1998 ጥፋተኛ ተባሉ።