ቪዲዮው ቢቆራረጥም ካርዱን ለማጥፋት አትቸኩሉ

አዳማ ላይ ጥር ሲገባ ስልኬ የሚጮኸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የሠርግ ጥሪ ነው። ሁለተኛው ሠርጉ ካለፈ በኋላ የሚመጣው «ቪዲዮው ላፕቶፕ ላይ ስታክ ያደርጋል፤ ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ኮምፒውተር ነካ ነካ ስለማደርግ ከሞጆም ከባቱም የሚደውሉልኝ ዘመዶች አሉ። የእሬቻ ሰሞን ደግሞ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ የተቀዳው ቪዲዮ ተራውን ይይዛል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መዘዙ ግን ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው ቪዲዮው ሲቆራረጥ ሲያይ «በቃ ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ይደመድምና ካርዱን ፎርማት ያደርገዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፋይሉ ደህና ነው። ያልቻለው ኮምፒውተሩ ነው።

የአክስቴ ልጅ ያገባ ሰሞን የሆነው ይኸው ነበር። ካሜራው የውሰት ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ከነካርዱ ለሰኞ ይፈልገዋል። እሁድ ማታ ደወለልኝ። «ስማ፣ የአያታችን ምርቃት ላይ ሲደርስ ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ድምፁ ብቻ ይሄዳል። ተበላሽቷል መሰለኝ፣ አጥፍቼ ልመልስለት» አለኝ። «ምንም እንዳትነካ» አልኩት። ድምፁ እየሄደ ምስሉ ብቻ መቆሙ አንድ ነገር ይጠቁማል፤ ኮምፒውተሩ ምስሉን በጊዜው አዘጋጅቶ ማድረስ አቅቶታል ማለት ነው።

ላፕቶፑ ለምን ያቅተዋል?

ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚገላበጥ የፎቶ ክምር ነው። በሴኮንድ 25 ምስል የሚቀዳ ካሜራ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ምስል ያለው ጊዜ 40 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ነው። አንድ የፉል ኤችዲ ምስል 2 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል አለው፤ 4ኬ ሲሆን ከ8 ሚሊዮን ያልፋል። ስለዚህ «4ኬ ላይ አድርገው» ባልን ቁጥር የላፕቶፑን ሥራ አራት እጥፍ እያደረግነው ነው።

በዚያ ላይ ቪዲዮው የሚቀመጠው ታጭቆ ነው። ካሜራው አንዱን ምስል ሙሉውን ያስቀምጥና ለተከታዮቹ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ይህ የማሸጊያና የመፍቻ ዘዴ ኮዴክ ይባላል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤች.264 የማይሠራበት ላፕቶፕ ዛሬ ማግኘት ይከብዳል። በ2013 የመጣው ኤች.265 (ኤችኢቪሲም ይሉታል) ተመሳሳዩን ጥራት በግማሽ ገደማ መጠን ይይዛል፤ ለመፍታት ግን ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። አይፎኖችም ከ2017 ወዲህ ብዙውን ጊዜ የሚቀዱት በዚሁ ነው።

ያው ፋይል ስልካችሁ ላይ እንደ ውሃ እየፈሰሰ ላፕቶፕ ላይ የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው። ስልኩ ውስጥ ቪዲዮ ለመፍታት ብቻ የተሠራ ክፍል አለ። የድሮ ላፕቶፕ ግን ለኤች.265 እንዲህ ያለ ክፍል ስለሌለው ሸክሙ ሁሉ ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል። ካልደረሰለት ምስሉን እየዘለለ ያልፋል። ድምፅ ቀላል ስለሆነ መንገዱን ይቀጥላል።

መጀመሪያ ችግሩን ለዩት

ቪዲዮውን ከካርዱ ወይም ከፍላሹ ላይ አታጫውቱ፤ ላፕቶፑ ውስጥ ኮፒ አድርጉት። በሴኮንድ 100 ሜጋ ቢት የሚቀዳ ካሜራ በደቂቃ 750 ሜጋ ባይት ይሞላል። ርካሽ ካርድ ሪደር ወይም ያረጀ ፍላሽ ይህን ሳያቋርጥ ማቀበል ላይችል ይችላል። ኮፒ ካደረጋችሁ በኋላ መቆራረጡ ከቀረ ጥፋቱ የፍላሹ ወይም የሪደሩ ነበር።

አሁንም ከተቆራረጠ በቪኤልሲ ክፈቱት። ነፃ ነው፤ ኮዴኮቹንም ይዞ ይመጣል። የዊንዶውስ ማጫወቻ ግን ለኤች.265 ተጨማሪ ማሟያ ግዙ ሊላችሁ ይችላል። ቪዲዮው እየሄደ ኮንትሮልና ጄን አንድ ላይ ተጫኑ፤ የኮዴኩን ስምና የምስሉን መጠን ያሳያችኋል። እዚያው ስታቲስቲክስ የሚለው ገጽ ላይ የጠፉ ምስሎች ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ማሽኑ አልቻለም ማለት ነው።

የእውነት የተበላሸ ፋይል ሌላ መልክ አለው። የትም ቢከፈት ያችው ሴኮንድ ላይ ይሰናከላል፤ ምስሉ አረንጓዴ ይሆናል ወይም በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይሞላል። ያን ጊዜ ካርዱ ላይ ምንም ሳትቀዱ አስቀምጡትና ፋይል መልሶ ማውጣት ለሚችል ሰው አሳዩት።

መፍትሔው በየተራ

ከቀላሉ ጀምሩ። የተከፈተ ክሮምና ሌላ ፕሮግራም ዝጉ። ቻርጀር ሰኩ፤ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ራሱን ያዘገያል።

ቀጥሎ ሙቀቱን እዩ። አዳማ በነፋሷ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ 153 ሜጋ ዋቱ ሁለተኛው በ2015 የተመረቁት እዚሁ ነው። ያው ነፋስ በበጋ አቧራውን ይዞ የላፕቶፕ ማራገቢያ ውስጥ ይገባል። ማራገቢያው ሲደፈን ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ እንዳይቃጠል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ደህና ሆኖ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መንቀርፈፍ ከጀመረ ይህን ጠርጥሩ። አቧራውን አስጠርጉ፤ ፍራሽ ላይ አድርጋችሁም አትጠቀሙ።

ሦስተኛ፣ ቪኤልሲ ውስጥ ቱልስ፣ ከዚያ ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያ ኢንፑት/ኮዴክስ ግቡ። ሃርድዌር አክስለሬትድ ዲኮዲንግ የሚለውን አውቶማቲክ አድርጉት። አውቶማቲክ ሆኖም ምስሉ ከተረበሸ ዲስኤብል አድርጋችሁ ሞክሩት። የግራፊክስ ድራይቨሩንም አፕዴት አድርጉ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ቪዲዮውን ወደ ቀላል ቅርጽ መቀየር ነው። ሃንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፋይሉን ክፈቱ፣ ኤች.264 ምረጡ፣ መጠኑን 1080 አድርጉና ልቀቁት። የድሮ ማሽን ላይ ሌሊቱን ሊፈጅ ይችላል። የአክስቴ ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው። ኦሪጅናሉን ሁለት ቦታ ኮፒ አደረገ፣ ካርዱን ሰኞ መለሰ፣ የተቀየረው ቪዲዮ በዚያው በድሮ ላፕቶፑ ላይ ሳይቆራረጥ ሄደለት። አያታችን ከዚያ ሠርግ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ምርቃታቸውን ዛሬም እንሰማዋለን።

አንድ ማሳሰቢያ፤ ቴሌግራም ላይ «ቪዲዮ» ብላችሁ የላካችሁት ተጨምቆ ስለሚሄድ የትም ጥሩ ይጫወታል፤ ግን ጥራቱ ቀንሷል። እሱን ይዛችሁ ኦሪጅናሉን እንዳታጠፉ። ጥራቱን ጠብቆ እንዲሄድ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩት።

ቪዲዮ የምታቀናብሩ ደግሞ ፕሮክሲ የሚለውን ተጠቀሙ፤ ቀለል ባለ ቅጂ ትሠሩና መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ ኦሪጅናሉን ይተካላችኋል።

ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነ

ሻጩ «ኮር አይ 5 ነው» ሲላችሁ አትርኩ፤ ትውልዱን ጠይቁ። ኢንቴል ላይ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ፤ አይ5-4300 አራተኛ፣ አይ5-8250 ስምንተኛ ትውልድ ነው። ኤች.265ን በተለየ ክፍል በአግባቡ መፍታት የተጀመረው በ6ኛው ትውልድ ነው፤ ባለ 10 ቢቱን ደግሞ ከ7ኛው ወዲህ ያሉት ይችላሉ። የአራተኛ ትውልድ አይ7 ከስምንተኛ ትውልድ አይ3 ጋር ቢወዳደር ቪዲዮ ላይ የሚሸነፈው እሱ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን 4ኬ ቪዲዮ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ኮፒ አድርጋችሁ እዚያው አጫውቱት።

ካርድ የሚጠፋው ኦሪጅናሉ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ተቀምጦ፣ ሁለቱም ተከፍተው ከታዩ በኋላ ብቻ ይሁን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ከካርድ የጠፋ ቪዲዮ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም።