ኅብረተሰብ ወንጀለኛን ለምን ይቀጣል?

የዛሬው ንግግራችን ስለ ወንጀልና ስለ ቅጣት ነው። ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ ሁሉ ይህን ማወቅ ይገባችኋል። ለምን ቢባል፣ «ሕጉን አላውቅም ነበር» ማለት ከቅጣት አያድንም።

ለመሆኑ ወንጀል ምንድን ነው? ሕግ የከለከለውን ማድረግ ወይም ሕግ ያዘዘውን አለማድረግ ነው። ነውር ሁሉ ወንጀል አይደለም። ጎረቤትን ሰላም አለማለት ነውር ነው፤ ግን ማንም አይታሰርበትም። ወንጀል የሚባለው በሕግ የተጻፈው ብቻ ነው። አሁን የሚሠራበት የአገራችን የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. ወጣ፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮም ጸና።

የወንጀል ዓይነት ብዙ ነው። ሦስቱን እንመልከት።

አንደኛ፣ በሰው ላይ የሚፈጸም። መግደል፣ መደብደብ፣ መድፈር፣ መጥለፍ።

ሁለተኛ፣ በንብረት ላይ የሚፈጸም። ከቦንጋ እስከ ደካ ይህን የማያውቅ የለም። ዛፍ ላይ ከተሰቀለ የሰው ቀፎ ማር መቁረጥ፣ የተሰጣ ቡና ማፈስ፣ የሰው ከብት መንዳት፣ ሁሉም ስርቆት ነው።

ሦስተኛ፣ በሕዝብና በመንግሥት ላይ የሚፈጸም። ሐሰተኛ ብር መሥራት፣ ጉቦ መብላት፣ ፍርድ ቤት ቆሞ በሐሰት መመስከር።

ሕግ ድርጊቱን ብቻ ሳይሆን የሰውየውን ሐሳብም ያያል። አንዱ ጫካ ገብቶ ዛፍ ሲቆርጥ፣ ዙሪያውን ሳያይ ቀርቶ ዛፉ ሰው ገደለ እንበል። ይህ ቸልተኛነት ነው። ቅጣቱ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ሊሆን ይችላል። ሌላው ግን ሆን ብሎ ቢገድል ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። አስቀድሞ መክሮና ዝቶ፣ በጭካኔ ከገደለ ደግሞ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው።

ታዲያ ቅጣት ለምን አስፈለገ? ጥፋተኛው ዳግመኛ እንዳያጠፋ፣ ሌላው አይቶ እንዲማር፣ ጥፋተኛውም ታርሞ ወደ ሰው እንዲመለስ ነው። ቅጣት በቀል አይደለም። የሟች ወንድም ገዳዩን ቢገድል፣ የዚያኛውም ወንድም ይነሣል። ደም በደም ይከተላል፤ ማሳ ጦም ያድራል፤ ልጅ ያለ አባት ይቀራል። ፍርድ ቤት የቆመው ይህን ለማስቀረት ነው።

«ሽማግሌ ካስታረቀ፣ ካሣ ከተከፈለ አይበቃም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እርቅ መልካም ነው፤ ቂምን ያበርዳል። አንዳንድ ቀላል ወንጀልም ተበዳዩ ካላመለከተ አይከሰስም። ከባዱ ወንጀል ግን የተበዳዩ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነግ በእኔ ነውና የሁላችንም ነው።

ጠለፋን ውሰዱ። በ1949 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ጠላፊው ልጅቷን በሕግ ካገባ አይከሰስም ነበር። ሁለቱ ቤተሰብ ይታረቃል፣ ድግስ ይደገሳል። የልጅቷን ልብ ማን ጠየቀ? ጎረቤቱም ወጣት «ጠልፌ ብታረቅ እድናለሁ» ብሎ ይማራል። ዛሬ ይህ ቀርቷል። ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ቢያገባትም ከክስ አያመልጥም።

አንድ ነገር አትርሱ። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪለው ድረስ ማንም ንጹሕ ነው። «ሌባ!» ሲባል ዱላ ይዞ የሚሮጥና የሚደበድብ ሰው ራሱ ወንጀለኛ ይሆናል። ሌባውን ይዛችሁ ለፖሊስ አስረክቡ። ያያችሁትንም ሳትፈሩ፣ ሳትጨምሩ መስክሩ። ቅጣቱን ጨርሶ የመጣውንም አታግልሉት፤ ሥራና ጎረቤት ያጣ ሰው ወደ ጥፋቱ ይመለሳልና።

ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩ፦

፩. በቸልተኛነት መግደልና ሆን ብሎ መግደል ልዩነታቸው ምንድን ነው?

፪. እርቅ ብቻውን ጠለፋን ለምን አያስቆምም?

ለዛሬ እዚህ ላይ ይብቃን። ደኅና ሁኑ።