ክረምት ከባሮ ድልድይ ላይ ሲታይ

ለአዲስ አበባ ሰው ክረምት ማለት ጋቢ፣ ትኩስ ቡና፣ የተጠበሰ በቆሎ ነው። ጋምቤላ ግን ነገሩ ይለያል። የበጋው ሙቀት ያንገበገበው ከተማ ዝናቡን የሚቀበለው እንደ ምሕረት ነው። አመሻሽ ላይ ድልድዩ ላይ ቆማችሁ እዩማ፤ በበጋ አሸዋው የሚታየው ባሮ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይጋልባል።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ መሰለኝ፣ እኔ ቶሎ የሚታየኝ ገበያው ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በገቡት ውል መሠረት እዚህ የተከፈተው የንግድ ጣቢያ እስትንፋሱ ክረምት ነበር። ከሱዳን የሚመጡት መርከቦች ጋምቤላ የሚደርሱት ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነዋ! ጨው የሚገባው፣ ቡና የሚወጣው ያኔ ነበር።

ይኸው ውሃ ግን በ2014 ክረምት ከተማዋን አጥለቅልቆ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ታዲያ ቤቱ ጎርፍ ለገባበት ሰው «ክረምት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው» እንዴት ይባላል?

መልሱን ያገኘሁት ኖኅ ጋ ነው። በጋና ክረምት እንደማይቋረጡ ቃል የተገባው ዝናብን በመስኮት ለሚያደንቅ ሰው ሳይሆን ከጥፋት ውሃ ለወጣ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያንም ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ዘመነ ክረምት ብላ ስለ ዝናቡና ስለ ዘሩ ታመሰግናለች። እኛም እናመስግን፤ ጣሪያው ለሚያፈሰው ጎረቤት ደግሞ ሸራ ይዘን እንሂድ። ያኔ ምስጋናችን ሙሉ ይሆናል።