የተቋረጠውን መስመር የሚያገኙ ተማሪዎች

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ከሚገኙት የባንክ ቅርንጫፎች ወደ አንዱ ገብቶ፣ ተራውን ጠብቆ፣ የሒሳብ ደብተሩን ያቀበለ ሰው፣ ከመስኮቱ ወዲያ «ሲስተም የለም» የሚል ቃል በሰማ ጊዜ፣ ነገሩ ከሰው እጅ የወጣ መዓት ይመስል፣ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ወደ መጣበት ይመለሳል። ይሁን እንጂ የለም የተባለው ነገር ከብዙ ክፍሎች የተጋጠመ ሥራ ስለ ሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተቋረጠው ባንዲት ስፍራ ብቻ ነው። ያችን ስፍራ ፈልጎ የማግኘት ጥበብ፣ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የኮምፒውተር ኔትወርክ ትምህርት ዋና ፍሬ ነው።

ይህ ትምህርት በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ብዙውን ጊዜ በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ወይም በኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምሕንድስና ሥር ይሰጣል። አዲስ አበባን ከከበቡት ከነዚህ ሦስት ከተሞች እያንዳንዳቸው የተቆረቆሩበት አውራ ጎዳና ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ያደርሳል፤ የሰበታው ወደ ጅማ፣ የቡራዩው ወደ አምቦ፣ የሱሉልታው በፍቼ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ። የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ግን የጎዳናውን አቅጣጫ ስለማይከተል፣ የሱሉልታው ልጅ ጅማ፣ የሰበታዋ ልጅ ደብረ ማርቆስ ቢደርሳቸው አያስደንቅም። የትም ይመደቡ የትም፣ የሚማሩት ነገር መሠረቱ አንድ ነው።

መሠረቱም ስምምነት ነው። የተለያዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸው፣ በተለያዩ አህጉራት የሚገኙ ኮምፒውተሮች በምን ሕግ ይግባቡ ለሚለው ጥያቄ፣ ቪንተን ሰርፍና ሮበርት ካን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ የመልሱን መሠረት ጣሉ፤ ኢንተርኔት የተወለደበት አርፓኔትም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1983 ጀምሮ ከዚያ ሐሳብ በተገኘው ሕግ መሥራት ጀመረ። በሕጉ መሠረት መልእክት ሁሉ ፓኬት ወደሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ይከፋፈላል። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ በሚዘልቀው ሐዲድ ላይ የሚጓዘውን የዕቃ ባቡር ለአፍታ እናስብ፤ ጭነቱ በየፉርጎው ተከፍሎ፣ በያንዳንዱ ላይ መነሻውና መድረሻው ቢጻፍበት ፓኬትን ይመስላል። ነገር ግን ፉርጎዎቹ ተቀጣጥለው ባንድ ሐዲድ ሲጓዙ፣ ፓኬቶች በየፊናቸው ሊሄዱ፣ የኋለኛውም ቀድሞ ሊደርስ ይችላል፤ ተቀባዩ በተራ ቁጥራቸው ያሰልፋቸዋል፣ የጠፋውንም ላኪው ዳግመኛ ይልከዋል።

አገራችን የባሕር በር ስለሌላት፣ ከውጭው ዓለም ጋር የምትለዋወጠው መልእክት ራሱ በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶቿ በኩል አልፎ ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር ይገናኛል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የባቡሩን መንገድ የሚያህል 750 ኪሎ ሜትር የሚፈጅበት ከሴኮንድ ሺሕ እጅ አራቱን እንኳ አይሞላም። ይህን በሒሳብ ያረጋገጠ ተማሪ፣ ኢንተርኔት በዘገየ ቁጥር ርቀትን መውቀስ ትቶ፣ የተጨናነቀውን መስመር፣ ያረጀውን ኬብልና የመብራት መቋረጡን መመርመር ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ግን በንባብ ብቻ የሚያዝ ዕውቀት አይደለም። ተማሪው በላቦራቶሪ የኬብሉን ልባስ ገፍፎ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠመዘዙትን ስምንት ሽቦዎች ይፈታና፣ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ እያለ ደርድሮ፣ ጫፋቸውን እኩል ቆርጦ፣ በአርጄ 45 ራስ ውስጥ ከከተተ በኋላ በክሪምፐር ይጨቁነዋል፤ ባንዱ ጫፍ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ቢለዋወጡ የመሞከሪያው መብራቶች ተራቸውን ስተው ይበራሉ። ራውተርና ስዊች የተባሉት ማገናኛ መሣሪያዎች ውድ በመሆናቸው ግን፣ ብዙው ተማሪ እነርሱን የሚለማመደው ሲስኮ ባዘጋጀው ፓኬት ትሬሰር በተባለ ፕሮግራም ነው።

መምህራን የመልእክትን ጉዞ በሰባት እርከኖች ከፍለው ያስተምራሉ፤ ከሁሉም በታች ሽቦው፣ ከሁሉም በላይ ሰው የሚጠቀምበት ፕሮግራም አለ። የዚህ ሥርዐት ጥቅም የሚገለጠው፣ ለምሳሌ፣ ቡራዩ ውስጥ ያለ አንድ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ኢንተርኔት በጠፋበት ጊዜ ነው። ትምህርቱ የገባው ሰው በመጀመሪያ የራውተሩን መብራትና የኬብሉን መያያዝ ያያል። የኮምፒውተሩ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ፣ አድራሻ የሚያድለውን መሣሪያ አላገኘውም ማለት ነው። አድራሻው ደኅና ከሆነ ራውተሩን፣ ቀጥሎም በውጭ ያለውን 8.8.8.8 የተባለውን አድራሻ ፒንግ በተባለው ትእዛዝ መልስ ይጠይቃል፤ ሁለቱም መልሰውለት ሳለ ድረ ገጽ በስሙ ተጠርቶ አልከፈት ቢል፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠውን ዲ ኤን ኤስ ይጠረጥራል። ይህን ሥርዐት ያልተማረ ሰው ግን ራውተሩን አጥፍቶ ከማብራት የተለየ መድኃኒት የለውም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት፤ የኮምፒውተር ሳይንሱም ፈተና የዳታ ኮሙኒኬሽንን፣ የኔትወርክ አስተዳደርንና የኮምፒውተር ደኅንነትን ትምህርት ያካትታል። ፈተናው ንባብን ማጠንከሩ መልካም ነው፤ ሆኖም መልሱን ከተሰጡት አማራጮች መካከል የሚያስመርጥ ስለ ሆነ፣ የሰባቱን እርከኖች ስም በቃሉ ያጠናና በሰባቱ እርከኖች ማሰብ የለመደ ሁለቱም እኩል ሊያልፉት ይችላሉ። ሁለቱ የሚለዩት ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ወላጆች የምንመክረው፣ ልጃቸው በክረምት ዕረፍት ወደ ቤት ሲመለስ ስለ ነጥቡ ከመጠየቃቸው በፊት፣ የሠፈሩን ሱቅ ወይም ትምህርት ቤት የተበላሸ መስመር እንዲፈትሽ እንዲያሰማሩት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የምርመራውን ሥርዐት ይሰጠዋል፣ ሥርዐቱን ልማድ የሚያደርግለት ግን ተደጋጋሚ ሥራ ብቻ ነው።