አጥንትን የሚያፈርሱ ሕዋሳት

በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ፣ በኋላ «ድንቅነሽ» የተባለችው ጥንታዊት ፍጥረት አጽም ተገኘ። ዕድሜው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ሥጋዋና ቆዳዋ ጠፍቶ አጥንቷ ወደ ድንጋይነት ተለውጦ ስለ ቆየ፣ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ የማይለወጠው አጥንት ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የዘር ሐረግንስ «አጥንት» የምንለው በከንቱ ነውን?

ሕይወት ያለው አጥንት ግን እንዲህ አይደለም። ድንቅነሽ ቆማ ትሄድ በነበረበት ጊዜ አጥንቷ ሌት ተቀን ይፈርስና ይሠራ ነበር፤ የእናንተም እንዲሁ ነው። በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ በየዓመቱ ከአጥንቱ አንድ አሥረኛ ያህሉ ፈርሶ በአዲስ ይተካል።

አሮጌ የጭቃ ቤት ሲታደስ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ አይከብዳችሁም። የተሰነጠቀው ምርግ ሳይነሣ አዲስ ጭቃ ቢለጠፍበት ውሎ ሳያድር ይረግፋል። ስለዚህ ሠራተኛው አስቀድሞ አሮጌውን ይፍቃል፤ ቀጥሎም አዲሱን ይመርጋል። በአጥንት ውስጥም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ። የሚገነቡት ሕዋሳት ኦስቲዮብላስት ሲባሉ የሚያፈርሱት ኦስቲዮክላስት ይባላሉ። ለአፍራሾቹ ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1873 ያወጣላቸው አልበርት ፎን ኮሊከር የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ሊቅ ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ «አጥንት ሰባሪ» ማለት ነው። ሁለቱ ስሞች በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለያዩ በመሆናቸው እንዳይምታቱባችሁ፣ ከዚህ በኋላ «ገንቢ» እና «አፍራሽ» እያልን እንጠራቸዋለን።

አፍራሹ ከየት ይመጣል? ይህ ጥያቄ ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን አከራክሯል። ገንቢውና አፍራሹ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ከአንድ ምንጭ የሚወለዱ ይመስሉ ነበር። ብርሃን የፈነጠቀው ከአንድ ብርቱ በሽታ ነው። አንዳንድ ሕፃናት በደንብ የሚሠራ አፍራሽ ሕዋስ ሳይኖራቸው ይወለዳሉ። አጥንታቸው ይገነባል እንጂ አይፈርስም። ይህ መልካም ዕድል ይመስላል፤ ነገር ግን የሚበዛው አጥንት የመቅኔውን ስፍራ ሞልቶ ደም እንዳይመረት ያግዳል፤ የዓይን ነርቭ የሚያልፍበትን ቀዳዳ አጥብቦ ብርሃን ያሳጣል። አጥንቱ ራሱም እንደ ድንጋይ ቢከብድም እንደ ሸክላ በቀላሉ ይሰበራል።

እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ፣ ይህ ሕመም የነበረባት የ5 ወር ሕፃን የወንድሟ መቅኔ እንደ ተሰጣት ይገልጻል። ከዚያ በኋላ አጥንቷ መፍረስ ጀመረ። ሐኪሞቹ ሕዋሳቱን ሲመረምሩ አፍራሾቹ የወንድ ምልክት ያለባቸው፣ ይኸውም የወንድሟ ሆነው ተገኙ፤ ገንቢዎቹ ግን የራሷ ነበሩ። በዚህም አፍራሹ ከገንቢው ጋር እንደማይዛመድ፣ የሚፈልቀውም ነጭ የደም ሕዋሳት ከሚገኙበት ከመቅኔ እንደሆነ፣ አስቀድሞ በአይጦች የታየው በሰውም ተረጋገጠ።

ከመቅኔ የወጡት ትንንሽ ሕዋሳት ከአጥንቱ ሲደርሱ እርስ በርሳቸው ይዋሃዱና ብዙ አስኳል ያለው አንድ ግዙፍ ሕዋስ ይሆናሉ። ግዙፉ በአጥንቱ ላይ ተለጥፎ ዙሪያውን ያሽጋል፤ ባሸገውም ስፍራ አሲድ ያፈሳል። አሲዱ ካልሲየሙን ያሟሟዋል፤ ካቴፕሲን ኬ የተባለ ኤንዛይም ደግሞ የቀረውን የፕሮቲን ድር ይበጣጥሰዋል። ይህ ሥራ በጥቂት ሳምንታት ያልቃል። የተቆፈረውን ለመሙላት ግን ገንቢዎቹ ወራት ይፈጅባቸዋል።

ታዲያ አፍራሹ እንዲህ ፈጣን ከሆነ፣ አጥንታችንን ጨርሶ የማያፈርሰው ስለ ምንድን ነው? ትእዛዝ ካልደረሰው በቀር ስለማይወለድ ነው። የሚያስገርመው ትእዛዙ የሚመጣው ከገንቢዎቹ ወገንና በአጥንቱ ውስጥ ተቀብረው ከሚኖሩት ሕዋሳት መሆኑ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ራንክኤል የሚባል ፕሮቲን ያወጣሉ። ፕሮቲኑ እንደ ቁልፍ ነው፤ ገና ባልተዋሃዱት ሕዋሳት ገጽ ላይ ካለው ማስገቢያ ጋር ሲገጥም ሕዋሳቱ ተዋህደው ሥራ ይጀምራሉ። እነዚያው ትእዛዝ ሰጪዎች ደግሞ ኦስቲዮፕሮቴጀሪን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ ይህኛው ቁልፉን በመንገድ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። የአጥንት ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ከሁለቱ በሚበዛው ነው።

ከሩቅም ትእዛዝ ይመጣል። ከሰውነታችን ካልሲየም 99 በመቶው የተከማቸው በአጥንት ውስጥ ነው፤ ልብም ሆነ ጡንቻ ግን በደም ውስጥ ካለው ጥቂት ካልሲየም ውጭ ሊሠራ አይችልም። ይህ ሲያንስ በአንገታችን ያሉት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ሆርሞን ይልካሉ፤ ሆርሞኑም ቁልፉን እንዲያበዙ ትእዛዝ ሰጪዎቹን ያነሣሣል። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን በተቃራኒው አፍራሾቹን ይገታል። ስለዚህ ሴቶች ሲያርጡና ኤስትሮጅን ሲቀንስ የአጥንታቸው መሳሳት ይፋጠናል። እጅ አንጓ፣ ዳሌ ወይም አከርካሪ ከቀላል አወዳደቅ የተነሣ ይሰበራል። የአንዳንድ አያቶች ጀርባ የሚጎብጠውም ሳይታወቅ ከተሰበረ አከርካሪ የተነሣ ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያን በሚያቆስለው በሩማቶይድ አርትራይተስም የተቆጡ የመከላከያ ሕዋሳት ቁልፉን ያለ ልክ ያበዙታል።

በእናንተ ዕድሜ ሚዛኑ ወደ ገንቢዎቹ ያጋደለ ነው። በጉርምስና፣ ቁመት እጅግ በሚመዘዝባቸው ሁለት ዓመታት ገደማ ብቻ፣ ለዕድሜ ልክ ከሚሆነው የአጥንት ማዕድን ሩብ ያህሉ ይከማቻል። በቂ ካልሲየም ያለው ምግብ፣ ሩጫና ዝላይ ዋጋቸው ከፍ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ዴኖሱማብ የተባለ፣ ራንክኤልን የሚይዝ መድኃኒት በሥራ ላይ እንዲውል ተፈቀደ። በየስድስት ወሩ በመርፌ ይሰጣል፤ አጥንትንም ያጠነክራል። ይሁን እንጂ ሌላ መድኃኒት ሳይተካ ቢቋረጥ አፍራሾቹ በብዛት ተመልሰው አከርካሪ የተሰበረባቸው ሕሙማን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት አንድ ፍንጭ ሰጥቷል፦ ግዙፉ አፍራሽ ሥራውን ሲፈጽም ሁልጊዜ አይሞትም፤ ወደ ትንንሽ ሕዋሳት ተከፋፍሎ ይቆይና ቁልፉ ሲመጣ እንደገና ይዋሃዳል።